የዚህ ሰው ሹመቱ ምንድር ነው?

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ከገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነፋሱን ተከልለን ተቀምጠን ሳለን፣ አንድ ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። እኒህ ሽማግሌ ከገጠር የመጡ፣ መሬታቸውን ጎርፍ ጠርጎ የጨረሰባቸው፣ ስማቸውም በሴፍቲኔት መዝገብ ተጽፎ እህል የሚቀበሉ ሰው ናቸው። በራዲዮ እንደ ሰሙት፣ በአሜሪካ አገር አንድ እጅግ ባለጸጋ ሰው ተነሥቶ፣ ለድኻ አገር እህልና መድኃኒት የሚሰደውን መሥሪያ ቤት እያስዘጋው ነው።

«ልጄ፣ የዚህ ሰው ሹመቱ ምንድር ነው?» አሉኝ።

እኔም ያለ ቤንዚን የሚሄድ መኪና የሚሠራ፣ ወደ ሰማይ የሚወነጨፍ ሮኬት ያለው፣ በሀብቱም በምድር ላይ ካሉት ባለጸጎች ሁሉ የሚበልጥ ሰው መሆኑን ነገርኋቸው።

«ሥራውን አልጠየቅሁህም፤ ሀብቱንም አልጠየቅሁህም፤ ሹመቱን ነው እንጂ። ንጉሥ ነው? ራስ ነው? ዳኛ ነው? ወይስ የንጉሥ አማች ነው?»

መልስ አጣሁ። ኋላ ነገሩን ስመረምር ግን መልስ ያጣሁት በእኔ ዕውቀት ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ቤተ መንግሥት ባለሥልጣን ለፍርድ ቤት በጽሑፍ በሰጡት ቃል፣ ሚስተር ኢላን መስክ የዚያ ወጪ ይቀንሳል የተባለው የአዲሱ መሥሪያ ቤት አለቃ እንዳልሆነ፣ የፕሬዚዳንቱ አማካሪ ብቻ እንደ ሆነ፣ በገዛ ሥልጣኑም አንዳች ነገር ለመወሰን እንደማይችል ገልጠው ነበርና። ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ግን ይኸው ሰው የእርዳታውን መሥሪያ ቤት እንዴት አድርጎ እንዳደቀቀው በገዛ የወሬ መድረኩ ላይ በደስታ ጽፎ ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ቃል እንደምን ይታረቃል? በወረቀት ሹመት የለውም፤ በሥራ ግን መሥሪያ ቤት ይዘጋል። ሽማግሌው ሳያውቁት የነገሩን ሥር ነክተውት ኖሯል።

ባለጸጋ ሰው በቤተ መንግሥት ደጅ መታየቱ አዲስ ነገር እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። ነጋድራሱ ለንጉሡ ያበድራል፤ ባለርስቱ ግብር አግብቶ ሹመት ይለምናል፤ ይህ ከጥንት የነበረ፣ በየአገሩም የሚታይ የሰው ልማድ ነው። አሁን እንመርምረው የምለው ግን ሌላ ነገር ነው። ይኸውም፣ መንግሥት ሊያድርበት፣ ሊናገርበት፣ ሊዋጋበት የግድ የሚያስፈልገው መሣሪያ የአንድ ሰው የግል ገንዘብ በሆነ ጊዜ፣ ያ ሰው በመንግሥት ምክር ውስጥ ሊቀመጥ ይገባዋልን? የሚለው ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ቢቀየም ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ ንጉሡም ከሌላ ይበደራል። መሣሪያ ያለው ሰው ቢቀየም ግን ምን ይሆናል?

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ13ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ ካህናት አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ እንዳይገኝ አድርገው ነበርና፣ ገበሬው ማረሻውንና ምሳሩን ለማሳል ወደ ጠላቱ አገር ይወርድ፣ ዋጋም ይከፍል ነበር። የጦርነቱም ቀን በደረሰ ጊዜ ከንጉሡና ከልጁ በቀር ሰይፍ የያዘ አልተገኘም። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ጦር መሣሪያ እንደ ተነገረ አድርገን ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማረሻው ነገር ነው። በሰላም ቀን ወደ ፍልስጥኤም ወርዶ ማረሻውን የሚያስልና ዋጋውን ከፍሎ የሚመለስ ገበሬ፣ ባርነት እንደ ያዘው ከቶ አይታወቀውም፤ ገበያ የሄደ ይመስለዋል።

እኛ በአገራችን የብረት ሠሪውን ነገር በሌላ መንገድ አበላሽተነዋል። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን «ቡዳ» እያልን፣ ከማዕዳችን አርቀን፣ ርስት ነሥተን፣ ማረሻችንን ግን ከእርሱ እጅ ስንቀበል ኖርን። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ ይህ ነውር ከጋይንትም ከስማዳም ከእስቴም አልጠፋም። የሚሠራውን ሰው የናቀ አገር የሠራተኛውን ጥበብ ከውጭ ለመለመን ይገደዳል፤ ከውጭ የመጣውም ጥበበኛ ከነባለቤቶቹ ይመጣል።

የዚህ ነገር የመጀመሪያ ምስክር ከእኛ ብዙ ሳይርቅ በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች፣ እነ ዋልድማየርንና እነ ዛልሙለርን፣ በዚያች መንደር አስቀመጧቸው። ሰዎቹ የመጡት ሃይማኖት ለማስተማር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ ሥሩ አሏቸው፤ አናውቅም ቢሉ አልተቀበሏቸውም። ሞክረው ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻም ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ትልቅ መድፍ ቀልጦ ወጣ፤ ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ዝናቡ ሲያባራ ንጉሠ ነገሥቱ ይህን መድፍ አስጐትተው ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ አድርገው ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ተጓዙ። መንገድ ባልነበረበት መንገድ እየተሠራ፣ ገደሉ እየተናደ፣ ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱም ድንጋይ እያነሡ፣ ስድስት ወር ያህል ወስዶ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር አንሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተኝቶ ይገኛል፤ ምሳሌውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ስለዚህ ታሪክ ስናስብ ልባችን ወደ ንጉሡ ጽናት ያዘነብላል፤ ይገባልም። ዳሩ ግን እኔ ዛሬ የማስበው ስለ ጋፋት ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች በዘመኑ በአገሪቱ ውስጥ ማንም የማያውቀውን ጥበብ ያውቁ ነበር፤ ሆኖም ሥልጣን አልነበራቸውም። ብርና በቅሎ ተሸልመዋል፤ በክፉ ቀን ደግሞ ከእስረኞች ጋር ወደ መቅደላ ተነድተዋል። ዕውቀቱ የእነርሱ ነበር፤ ብረቱ፣ ምድጃው፣ የተሠራውም መድፍ የንጉሡ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ተቀይሞ «መድፌን ይዤ እሄዳለሁ» ሊል አይችልም። ይህን ስል ሰውን አስሮ ማሠራት መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ በደል ነበርና። ነገር ግን በዚያ በደል ውስጥ እንኳ መሣሪያው ያለ ጥርጥር የመንግሥት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው በክፋት የማይጠረጠር በመሆኑ ምክንያት ለአሳባችን እጅግ የሚጠቅም ነው። አልፍሬድ ኢልግ የስዊስ አገር ተወላጅ መሐንዲስ ሆነው፣ በ1871 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳሉ ወደ ሸዋ ንጉሥ ወደ ምኒልክ መጡ። አማርኛ ተማሩ፤ ቤትና ድልድይ ሠሩ፤ ውኃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አወጡ። በውጫሌ ውል ጠብ በተነሣ ጊዜ የኢትዮጵያን ጕዳይ ለአውሮፓ መንግሥታት በማስረዳት ብዙ ደከሙ፤ በ1889 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት አማካሪ ተብለው ተሾሙ። ባለውለታ ናቸው፤ ይህን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን እኒሁ ሙሴ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ከጅቡቲ የሚነሣውን የምድር ባቡር ለመሥራት ለ99 ዓመት የሚቆይ ፈቃድ ከዐፄ ምኒልክ ተቀብለው ነበር፤ ፈረንሳዊው ነጋዴ ሙሴ ሸፍኔም ባልንጀራቸው ነበሩ። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህን አስተውል። ፈቃዱን የሚሰጠው ንጉሥ በውጭ አገር ጕዳይ የሚያማክረው ሰው፣ ያው ፈቃዱን የተቀበለው ሰው ነው። ንጉሡ «የባቡሩ ነገር እንደምን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት የባቡሩ ባለጕዳይ ነው። ሙሴ ኢልግ በዚህ አላግባብ አደረጉ አልልም። ነገር ግን አንድ ሰው በሁለት ወንበር ተቀምጦ ሳለ የትኛው ወንበር እንደሚናገር እርሱ ራሱም ሁልጊዜ አያውቀውም።

የሆነውም ይህ ነው። ለባቡሩ የሚያስፈልገው ገንዘብ በዝቶ ከግለሰብ ኪስ በላይ ሆነ፤ ኩባንያው ተቸገረ፤ በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ በኩባንያው ላይ ሥልጣን ያዘ። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ግን በዚህ ውል አልተጠየቁም። ምኒልክ ነገሩን ባወቁ ጊዜ አጥብቀው ተቆጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመት በዚያው ቆመ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ሦስቱ ተስማምተው ስለ ኢትዮጵያ የየድርሻቸውን ጥቅም ሲካፈሉ፣ የባቡሩም ነገር በዚያ ውል ውስጥ ተጻፈ። ምኒልክ ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን ይህ ሥልጣኔን አይነካውም የሚል መልስ ሰጡ። ግሩም መልስ ነው። የዐድዋ ድል አድራጊ ንጉሥ ግን ከዚህ በላይ ምን ሊያደርጉ ቻሉ? ጦር መልሰዋል፤ ሐዲድን ግን በጦር መመለስ አይቻልም። ሐዲዱ እንዲቀጥል ይፈልጉታል፤ ባለቤቱን ግን አይፈልጉትም። በጥር 1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጠ፤ ይህን ፈቃድ በስማቸው የተቀበሉትም የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ዶክተር ቪታሊየን መሆናቸው እጅግ ያስገርማል። እንደገና የቤተ መንግሥት ሰው! ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክም ኢልግም በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

በዚሁ ዘመን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክም ዕድሉ ተመሳሳይ ነበር። በ1897 ዓ.ም. ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ ለ50 ዓመት በተሰጠ ፈቃድ፣ የብር ኖት ማሳተም የባዕድ ኩባንያ መብት ሆኖ ነበር። ይህን ግን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዋጋ ከፍለው ከባለቤቶቹ ገዙትና የመንግሥት ባንክ አደረጉት። ያለ ጠብ፣ በውልና በገንዘብ የተፈጸመ በመሆኑ፣ ከሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ ብዙ ሰው የማያነሣው ግን እጅግ ማስተዋል ያለበት ሥራ ይመስለኛል።

ወደ አገራችን ወደ ጋይንት ልመለስ። ከዚህ በስተ ምሥራቅ፣ በበጌምድርና በወሎ ወሰን አካባቢ ያለውን የአንቺምን ሜዳ የማያውቅ የጋይንት ሰው የለም። በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድር ገዥ ራስ ጕግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር የተዋጉት በዚያ ነው። በጦር ሚኒስትሩ በሙሉጌታ ይገዙ የሚመራው ጦር ከዚህ አገር ሰው ዐይቶት የማያውቀውን ነገር ይዞ መጣ፤ አውሮፕላን። አውሮፕላኑ በመጀመሪያ የጣለው ቦምብ አልነበረም፤ ወረቀት ነበር። በወረቀቱም ራስ ጕግሣን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ እንደ ሆነ የሚናገር፣ በሊቀ ጳጳሱና በቤተ ክርስቲያን አለቆች ስም የወጣ ቃል ተጽፎበት ነበር። ከዚያ በኋላ ቦምቡ መጣ። ራስ ጕግሣ በጦርነቱ ወደቁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በአዲስ አበባ ዐረፉ።

በዚያ ጦርነት ማን እውነት ነበረው የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተዋለሁ። እኔን የሚያስደንቀኝ ወረቀቱ ነው። ግዝት በአገራችን የሚነገረው በካህን አፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ፊት ለፊት ነበር፤ የተገዘተውም ሰው ቀርቦ «በደሌ ምንድር ነው?» ሊል፣ ሽማግሌም ሊልክ ይችል ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ቃሉ ከሰማይ ወረደ፤ በሜዳው የቆመው ወታደር ወደ ላይ የሚመልስበት አፍ አልነበረውም። ሆኖም ግን እናስተውል። አብራሪው ደመወዝተኛ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አውሮፕላኑ የመንግሥት ነበር፤ ቃሉን የጻፉት ደግሞ ሌሎች ነበሩ። ሦስቱ ሥራ በሦስት እጅ ተከፍሎ ነበር ማለት ነው። ኃላፊነቱን የሚጠይቅ ሰው ቢነሣ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ሚስተር መስክ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ትዊተር የተባለውን የዓለም የወሬ መድረክ በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኑም፣ አብራሪውም፣ የወረቀቱም ጸሐፊ አንድ ሰው ሆነ። ይህ ብቻ አይደለም። ወደ ጠፈር ጣቢያ የአሜሪካን ሰዎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያመላልሰው የእርሱ ኩባንያ መንኰራኵር ነው። በዩክሬን ጦርነት ስልክና ሽቦ በተበጣጠሰ ጊዜ የዩክሬን ወታደር የተነጋገረው የእርሱ ኩባንያ ወደ ሰማይ በሰደዳቸው ሳተላይቶች ነው። በክሬምያ በኩል አገልግሎቱን እንዲከፍት ተጠይቆ እንዳልፈቀደ ራሱ በጳጕሜን 2015 ዓ.ም. ተናግሯል። እንቢ ያለበት ምክንያት ጦርነት እንዳይሰፋ ነው ብሏል፤ ምናልባትም ምክንያቱ መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የጦርነትንና የሰላምን ወሰን የሚያሰምር ሰው በማን ተመርጦ ነው?

ለዚህ ሦስት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። ሁለቱን ቶሎ አልፋቸዋለሁ። አንደኛው፣ ባለጸጋ ሰው ጉቦ አይበላም የሚለው ነው። እውነት ነው፣ አይበላም፤ የሚፈርደው በገዛ ገንዘቡ ነገር ሲሆን ጉቦ የሚሰጠው ማን አለና? ሁለተኛው፣ የመኪናን ጥበብ የሚያውቅ እርሱ ስለ ሆነ መንግሥት ያለ እርሱ ሊሠራ አይችልም የሚለው ነው። ሐኪምም ስለ ደዌ ከእኛ ይልቅ ያውቃል፤ እንጠይቀዋለን፣ ዋጋውንም እንከፍለዋለን፤ የታመመውን ሰው ኑዛዜ ግን እርሱ አይጽፍለትም።

ሦስተኛው መልስ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይህ መልስ እንዲህ ይላል፤ ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ መርጦታል፤ ሕዝብ የመረጠው ሰው የወደደውን ሊያማክር መብቱ ነው፤ ምኒልክም ኢልግን ሲያማክሩ ማንንም አላስፈቀዱም። በእውነቱ መሪ አማካሪውን የመምረጥ ነፃነት ከሌለው ሊሠራ አይችልም፤ ባለሥልጣናት ሁሉ በድምፅ ይመረጡ ቢባልም አገር አትቆምም። ይህን ብዙ ጊዜ አሰላስየዋለሁ። የማልቀበለው በአንድ ነገር ነው። አማካሪ ማለት ጌታው በቃኝ ሲለው በቃ የሚል ሰው ነው። ስለዚህ የማንኛውንም አማካሪ ነገር ለመመርመር መጠየቅ የሚገባን አማካሪው ደግ ነው ክፉ ነው፣ ባለጸጋ ነው ድኻ ነው ብለን ሳይሆን፣ ነገ ቢሰናበት መሣሪያው ከማን ጋር ይቀራል ብለን ነው። የጋፋት ሰዎች ሲሄዱ መድፉ ቀርቷል። የአንቺም አብራሪ ደመወዙን ተቀብሎ ሲሄድ አውሮፕላኑ ቀርቷል። ሙሴ ኢልግ ሲሄዱ ግን ሐዲዱ የኩባንያው ሆኖ ቀረ። በአሜሪካስ?

በአሜሪካ የሆነውን ዓለም ሁሉ አይቶታል። ሚስተር መስክ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለተደረገው ምርጫ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከኪሱ አወጣ፤ ሚስተር ትራምፕ አሸነፉ፤ በጥር 12 ቀን ሥልጣን በያዙበት ዕለት ያ አዲስ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ተቋቋመ። ማን ማንን መረጠ የሚለው ከዚህ ላይ መደናገር ይጀምራል። በግንቦት ማብቂያ ሚስተር መስክ ከሥራው ተሰናበተ፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይም ሁለቱ ተጣሉ። ፕሬዚዳንቱ ከኩባንያዎቹ ጋር ያለውን ውል ሁሉ እሰርዛለሁ ብለው አስፈራሩ። እርሱም የጠፈር ጣቢያውን የሚያገለግለውን መንኰራኵር ከሥራ አወጣለሁ ሲል ጻፈ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቃሉን መለሰ፤ ነገሩም በረደ። ነገር ግን ለዚያች ጥቂት ሰዓት፣ በዓለም ላይ እጅግ ኀያል የተባለው መንግሥት ማረሻውን ይዞ ከፍልስጥኤም ቀጥቃጭ ደጅ እንደ ቆመው ገበሬ ሆኖ ታየ።

አሁን ደግሞ ሌላው ወገን እንዳይረሳ። መሣሪያው በግለሰብ እጅ ሲሆን አደጋ ነው ካልን፣ በመንግሥት እጅ ብቻ ቢሆን ደኅና ነው ብለን እንዳንደመድም፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የደረሰብንን እናስታውስ። በክልላችን ጦርነት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደ ተቋረጠ ቆየ። ነጋዴው ገንዘቡን በስልክ ሊልክ፣ ተማሪው ትምህርቱን ሊከታተል፣ እናት በዐረብ አገር ያለች ልጅዋን ፊት ልታይ አልቻለችም። በዚያን ጊዜ ቁልፉን የዘጋው ባለጸጋ ነጋዴ አልነበረም። ለፀጥታ ሲባል ነው የሚለውን ምክንያት የሚቀበሉ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ቁልፉ ሲዘጋ ለምን፣ እስከ መቼ ተብሎ የሚጠየቅበትና የተዘጋበትም ሰው አቤት የሚልበት አደባባይ አልነበረም። እንግዲህ ከግለሰቡ ላይ የነቀፍነውን ነገር በመንግሥት ላይ ስናገኘው ልናልፈው አይገባንም። አቢሲኒያ ባንክን ከግብፅ ባንክ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ የተገዛውን ለሕግ ማስገዛት ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛውም ሥራ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሽማግሌው ስንዴ ነገር ይቀራል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት በብዙ ለጋሾች ገንዘብ የቆመ ነው፤ አሜሪካም ከለጋሾቹ አንድዋ ነበረች። በቅርብ ዓመታትም ከሰሐራ በታች ካሉት የአፍሪካ አገሮች ሁሉ የአሜሪካን እርዳታ አብዝታ ትቀበል የነበረች ኢትዮጵያ ናት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እውነት ግን ነው። ከዚህም የሚያሳፍር አለ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. አሜሪካኖች የምግቡን እርዳታ በኢትዮጵያ ሁሉ ለጊዜው አቁመውት ነበር፤ ምክንያቱም ለተራበ የተላከ እህል እየተሰረቀ በገበያ መሸጡ ነበር። የሰረቀውም ሩቅ ያለ ባለጸጋ ሳይሆን የቅርብ ሰው ነው። ስለዚህ በዚያ መሥሪያ ቤት ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ ሁሉ ሐሰት ነው ልንል አንችልም። ሌባ የገባበትን ጎተራ መመርመር ግን አንድ ነገር ነው፤ በሳምንት ውስጥ ጎተራውን ማፍረስ ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ገንዘቡ በታገደ ጊዜ፣ የእኛ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። መሥሪያ ቤቱም በሰኔ 24 ቀን ፈጽሞ ተዘጋ።

ሽማግሌውን እንደገና ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ በክረምቱ ነው። በአሜሪካ የዘይት ቆርቆሮ ጠበል ቀድተው ሲሄዱ ደረስሁባቸው። በሴፍቲኔት ወይም በእርዳታ ቀን የመጣው ቆርቆሮ በጋይንት ገጠር የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው፤ ውኃ ይቀዳበታል፣ ተሰንጥቆም የጣራ መጠገኛ ይሆናል። የጠየቁኝን ጥያቄ እንዳልረሳሁ፣ ያ ሰው ሹመት እንዳልነበረው፣ አሁንም ከቤተ መንግሥት እንደ ወጣ፣ መሥሪያ ቤቱ ግን እንደ ተዘጋ ነገርኋቸው።

ቆርቆሮውን አዙረው አሳዩኝና «ይህ ላዩ ላይ ያለው ጽሕፈት ምን ይላል?» አሉ።

«ከአሜሪካ ሕዝብ ይላል፣ አባቴ።»

«ከሕዝብ? ከዚያ ሰው አይልም?»

«አይልም።»

«እንግዲያ ሲዘጋ ሕዝቡ ተጠየቀ?»

ጥቂት አሰብሁ፤ የምክር ቤቱን ነገር፣ የፍርድ ቤቱን ክርክር፣ የምርጫውን ቀን ልነግራቸው ጀመርሁ፤ እርሳቸውም በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያም ዝናብ ስለ መጣ ቆርቆሮውን በነጠላቸው ሸፍነው መንገዳቸውን ቀጠሉ።